አጥር ማንን ያጥራል?

«አጠረ» የምትባለው የአማርኛ ቃል ሁለት ምሥጢር ትሸከማለች። አንዱ ዙሪያውን በእንጨት ወይም በእሾህ ከለለ ማለት ነው። ሁለተኛውም ረዥም ሳይሆን ቀረ፥ ጐደለ ማለት ነው። የግዕዝ መምህር ግን ሁለቱን በፊደል ይለያቸዋል፤ በሐመሩ ሐ የተጻፈው ሐጸረ መከለልን፥ በብዙኃኑ ኀ የተጻፈው ኀጸረ ማነስን ይናገራልና። አማርኛ ይህን ልዩነት ትቶ ሁለቱን በአንድ ድምፅ ስለ ጠራ፥ ባለቅኔ ከዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ለማግኘት አይቸገርም። ሰሙ የግጦሹ አጥር ነው። ወርቁ ግን ጥያቄ ነው፤ ሰው ለፈረሱና ለከብቱ አጥር በሠራ ጊዜ የሚያጥረው የማን ነገር ነው? የእንስሳው እግር ነውን? የጎረቤቱ መንገድ ነውን? ወይስ የባለቤቱ ርኅራኄ?

ይህ ሥራ ፈት የሚጫወትበት ጥያቄ አይደለም። ቀድሞ በደጋው አገር የከብት አጥር እረኛው ልጅ ነበረ። ማለዳ ከበረት አውጥቶ፥ ቀን በጨፌው አሰማርቶ፥ ማታ ቈጥሮ ይመልስ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ጨፌውም ታርሷል፤ ከተማው ወደ ገጠሩ እየሰፋ፥ መኪናውም በግጦሹ አጠገብ እየከነፈ የሚያልፍ ሆኗል። ስለዚህ ፈረስና በቅሎ፥ ላምና በግ ያለው ሁሉ፥ ገበሬም ቢሆን፥ ገዳምም ቢሆን፥ የከተማ ሰውም ቢሆን፥ ፊቱን ወደ አጥር መልሷል። እንግዲህ ዓይንና ድምፅ ያለው ጠባቂ ሄዶ፥ ዓይንም ድምፅም የሌለው ጠባቂ በቦታው ቆመ ማለት ነው። እረኛው ከብቱ ሲጠማ ወደ ወንዝ ይነዳ ነበር፤ እንጨቱ ግን አይነዳም። እረኛው ጅብ ሲመጣ ይጮኽ ነበር፤ ሽቦው ግን አይጮኽም። አጥሩ ከእረኛው ሥራ የወረሰው አንዱን፥ መከልከሉን ብቻ ነው። የቀረው ሥራ ሁሉ በማን ላይ ወደቀ?

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አሳብ ያላቸው ሰዎች አሉ። የፊተኞቹ፤ መሬቱ የባለቤቱ ነው፥ ከብቱም የባለቤቱ ነው፤ በገዛ መሬቱ ላይ የገዛ ከብቱን ቢያጥር ማን ይጠይቀዋል? ከብት ከሰው ማሳ ካልገባ ጎረቤት ከጎረቤቱ አይጣላምና አጥር የሰላም መሠረት ነው ይላሉ። የኋለኞቹ ደግሞ፤ እግዚአብሔር ሣሩን ለእንስሳ ሲያበቅል በርና መዝጊያ አላበጀለትም፤ አጥር የስስት ልጅ ነው፤ የታጠረ ከብትም እስረኛ ነው ይላሉ። በሁለቱም ነገር ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ሁለቱም አጥሩ የሚከለክለውን አዩ እንጂ፥ አጥሩ በሠሪው ላይ የሚያመጣውን ዕዳ አላዩም። አጥር ከእንስሳው አስቀድሞ የሚያስረው ባለቤቱን ነው። የእንስሳን እግር የያዘ ሰው ለእንስሳው እግር የመሆን ግዴታ ይገባል፤ የጎረቤትን መንገድ የዘጋም በር የማውጣት ግዴታ ይገባል።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት፥ ያልታጠረ ፈረስ በአንድ ቀን የሚያደርገውን ማሰብ ይበቃል። ፀሐይ ሲበረታ የዛፍ ጥላ ይፈልጋል፤ ነፋስ ሲነሣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል ወይም ወደ ከለላ ይሄዳል፤ ሣሩ ሲመነምን ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ሲጠማ ወደ ምንጭ ይወርዳል፤ ሲፈራ ይሮጣል፤ ብቻውን ሲቀር ወደ ባልንጀሮቹ ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ፈጣሪ በሰጠው እግርና ልማድ ነው። አጥሩ በተዘጋ ቀን ግን እነዚህ ስድስቱ ነገሮች ከፈረሱ ላይ ተነሥተው በባለቤቱ ትከሻ ላይ ያርፋሉ። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚሆን ውኃ ይጠጣል፤ ሙቀትና ሥራ ሲበዛበትም ከዚህ ይጨምራል። በአጥሩ ውስጥ ምንጭ ከሌለ ያን ውኃ ማቅረብ የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ዕዳውም በበዓል ቀን አይቀርም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በሬውን ወይም አህያውን በሰንበት እንኳ ከግርግም ፈትቶ ውኃ ስለሚያጠጣው ሰው ሲናገር፥ ይህ ሥራ ሰንበትን እንደማይሽር ሰሚዎቹ ሁሉ ያውቁት እንደ ነበረ ያሳያል። የታሰረ እንስሳ ጥማት የአሳሪው ነው።

ሣሩም እንዲሁ ነው። አንድ መስክ ሳያርፍ ዘወትር ቢጋጥ ሥሩ ይደክማል፥ አፈሩም ይራቈታል። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው መስኩን ሁለት ወይም ሦስት አድርጎ ይከፍልና፥ አንደኛው ሲጋጥ ሌላው እንዲያርፍ ያደርጋል። ቀድሞ ከብቱ ራሱ ወደ ማዶ ሲሻገር ለመሬቱ ዕረፍት ይሰጥ ነበር፤ አሁን ያን ዕረፍት የሚሰጠው የባለቤቱ አሳብ ነው። ፈረስም የመንጋ እንስሳ ስለ ሆነ ብቻውን ሲታጠር ይጨነቃል፤ በአጥሩ ዳር ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ በሣሩ ላይ መንገድ ያወጣል። ባለቤቱ ያን መንገድ አይቶ ማንበብ ካልቻለ፥ ፊደል ቢቈጥርም የእንስሳውን ደብዳቤ ሳያነብ ቀረ ማለት ነው።

ርኅራኄም ያለ ዕውቀት አይበቃም። አጥር የሚሠራ ሰው የእያንዳንዱን እንስሳ ባሕርይ ሊመረምር ይገባዋል። በሬ ይታከካል፥ በክብደቱም ይገፋል፤ ስለዚህ ለእርሱ የሚቆመው እንጨት ጠልቆ የተተከለ ይሁን። ፍየል ትዘላለች፥ ትሾልካለችም፤ በግም ከታች ባገኘችው ቀዳዳ ራስዋን ታስገባለች፤ ስለዚህ ለእነርሱ የአጥሩ ታችኛ ክፍል የጠበበ ይሁን። ፈረስ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እርሱ ጠላቱን በቀንድ የሚመክት አይደለም፤ መሣሪያው ሩጫ ነው። ሲደነብር አስቀድሞ ይሮጣል፥ ኋላ ይመለከታል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለ ተተከሉ የዙሪያውን አብዛኛ ክፍል ያያል፤ በፈረጠጠ ጊዜ ግን ቀጭን ሽቦን አይለይም። ስለዚህ ለፈረስ የሚሠራ አጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታይ ሊሆን ይገባዋል። ጠፍጣፋ አግዳሚ እንጨት ከሽቦ ይሻላል፤ ከፍታውም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን መልካም ነው። አግዳሚው በቋሚው ውስጠኛ ፊት ይመታል፤ ፈረሱ ቢደገፈው ምስማሩ ተነቅሎ እንዳይወድቅ ነው። ማዕዘኑም የሾለ አይሁን፤ ደካማው ፈረስ በኀይለኛው ሲባረር ከጥግ ገብቶ መውጫ እንዳያጣ ነው። የቋሚው ሲሶ ያህል በመሬት ውስጥ ይቀበራል።

የቀደሙ ሰዎች ለቋሚ ጽድንና ወይራን መረጡ፤ ሁለቱም ምስጥንና መበስበስን ይታገሣሉና። ዛሬ ግን እነዚህ ዛፎች በሰሜኑ ደጋ በብዙ ስፍራ ተመናምነው ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ በቀር እምብዛም አይገኙም፤ ስለዚህ ለአንድ መስክ አጥር ሲባል የቀረውን ዱር መመንጠር ሌላ ዕዳ ማምጣት ነው። በዚህ ጊዜ ሕያው አጥር ይመረጣል። ቀጋና አጋም ዓመት ባለፈ ቍጥር እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ ፍሬያቸውን ወፍም እረኛም ይበላዋል። ቁልቋልም ቶሎ ይይዛል፤ ነገር ግን ወተቱ ዓይንን የሚያቃጥል ስለ ሆነ፥ ሁሉን በአፉ የሚሞክር ውርንጭላ ባለበት ስፍራ አይተከልም። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የአናጢ ጥበብ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ይሁን እንጂ የሌላውን ፍርሃት አስቀድሞ አስቦ ለዚያ ፍርሃት ስፍራ ማዘጋጀት የፍቅር ሥራ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ሲጐድል የሚሆነውን የበለዓም ታሪክ ያስረዳል። ኦሪት ዘኁልቍ እንደሚተርክ፥ አህያይቱ የእግዚአብሔርን መልአክ ሰይፉን መዝዞ ባየች ጊዜ አስቀድማ ከመንገዱ ወደ ሜዳው ፈቀቅ አለች። በሁለተኛው ግን መንገዱ በወይን ቦታዎች መካከል ሆኖ በዚህም በዚያም ወገን ቅጥር ነበረበት፤ ፈቀቅ የምትልበት ስላጣች ወደ ቅጥሩ ተጠግታ የጌታዋን እግር አጣበቀች። በሦስተኛው ወደ ቀኝም ወደ ግራም መተላለፊያ በሌለበት ጠባብ ስፍራ ከበታቹ ተኛች። በለዓምም ሦስት ጊዜ መታት። በሜዳው ላይ ፍርሃትዋ ማንንም አልጐዳም ነበር፤ ቅጥር በከበባት ጊዜ ግን ያው ፍርሃት የሰውን እግር የሚያቈስል ሆነ። ብዙ ባለፈረስም እንደዚሁ ነው። ጠባብ ስፍራ ያጥርና እንስሳው ሲረግጥና ሲነክስ ክፉ ሆነ ብሎ ይመታል፤ ክፋቱ ግን ከእንስሳው አልመጣም፥ መሸሻ ካሳጣው አጥር ነው የመጣው።

አጥር እንደ ልብ ርካሽ በሆነ ጊዜ ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚከፋ የአሜሪካ ታሪክ ይመሰክራል። በዚያ አገር ጆሴፍ ግሊደን የሚባል የኢሊኖይ ገበሬ ለእሾሃም ሽቦው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1874 ዓመት የባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያም በኋላ እንጨት በሌለበት ሜዳ ሁሉ አጥር ተዘረጋ። በሰሜን ቴክሳስ የነበሩ ባለከብቶች ከሰሜን የሚመጣው የሌላ ሰው መንጋ የእነርሱን ሣር እንዳይበላ ከ1881 እስከ 1885 ዓመት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የሽቦ አጥር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቆሙ። የዚያ አገር ከብት የበረዶ ዐውሎ ሲነሣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ከለላ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ደቡብ ይሄድ ነበር። በጥር 1886 ጽኑ ዐውሎ በመጣ ጊዜ መንጋው እንደ ልማዱ ወደ ደቡብ ሄደና ከሽቦው ደረሰ። ወደ ፊት እንዳይሄድ አጥሩ ከለከለው፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነፋሱ ከለከለው። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ከብት በአጥሩ ሥር ተደራርቦ በብርድ አለቀ።

እነዚያ ባለከብቶች ከብት ለመግደል አጥር አልሠሩም። አሳባቸው ሣር መጠበቅ ነበረ፤ እርሱም በራሱ ኀጢአት አይደለም። የጐደላቸው ነገር አንድ ነው፤ የእንስሳውን መሸሻ ሲዘጉ በመሸሻው ፈንታ ምን እንደሚተኩ አላሰቡም። ደኅና ቀንን አስቦ የተሠራ አጥር በክፉ ቀን ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ የአጥር ጥሩነት የሚመረመረው በመስከረም፥ ሣሩ በለመለመበት ወራት አይደለም፤ ድርቅ በገባ፥ እሳት በተነሣ፥ ጅብ በዘለለ ሌሊት ነው።

ከእንስሳው ቀጥሎ ጎረቤት አለ። በገዛ መሬቴ ማን ይጠይቀኛል ለሚል ሰው ኦሪት ዘፀአት መልስ አዘጋጅታለች። ከብቱን ለቅቆ የሌላውን ማሳ ያስበላ ሰው ከገዛ እርሻው ከተሻለው እንዲከፍል ታዝዛለች፤ ከዚህም የተነሣ ከብትን መጠበቅ ግዴታ መሆኑ ይታወቃል። ነገር ግን በዚሁ ሕግ፥ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ባለ ጕድጓዱ ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዛለች። ሕጉ ጕድጓዱ የተቈፈረው በማን መሬት ላይ ነው ብሎ አልጠየቀም። ሰው የሠራው ነገር የሌላውን እንስሳ ከጐዳ ሠሪው ባለዕዳ ነው አለ። ሳይታይ የተዘረጋ እሾሃም ሽቦም ሳይከደን ከቀረ ጕድጓድ በምን ይለያል? ቴክሳስም ራስዋ በ1884 ዓመት የአጥር ጠብ በበረታባት ጊዜ እንዲህ ያለ ፍርድ ፈረደች። የሰው አጥር የሚቈርጠውን በጽኑ ወንጀል እንዲቀጣ አዘዘች፤ የሕዝብን መንገድ አቋርጦ ያጠረውም በየሦስት ማይሉ፥ ይኸውም በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ገደማ፥ በር እንዲያወጣ አዘዘች። ዳኛ ለሁለቱም ወገን ሲፈርድ እንዲህ ነው፤ አጥሩን አክብር፥ በሩንም ክፈት።

ነገሩ ከሕግም በላይ መሆኑን የሮቤልና የጋድ ልጆች ታሪክ ያስረዳል። እነርሱ እጅግ ብዙ ከብት ስለ ነበራቸው የኢያዜርንና የገለዓድን ምድር ለከብት የተመቸ መሆኑን አይተው፥ ዮርዳኖስን ሳይሻገሩ በዚያ መቅረትን ለመኑ። ሙሴም ወንድሞቻችሁ ወደ ሰልፍ ሲሄዱ እናንተ በዚህ ትቀመጣላችሁን ብሎ ገሠጻቸው። በዚያን ጊዜ፤ በዚህ ለከብቶቻችን በረት፥ ለልጆቻችንም ከተማ እንሠራለን፥ እኛም ከወንድሞቻችን ጋር እንሄዳለን አሉ። ሙሴ ፈቀደላቸው፤ ሲመልስ ግን የቃሉን ተራ ለወጠ፤ አስቀድሞ ለልጆቻችሁ ከተማ፥ ከዚያም ለበጎቻችሁ በረት ሥሩ አላቸው። አስተዋይ አንባቢ በዚህ ላይ ይቆማል። ሙሴ በረት መሥራታቸውን አልነቀፈም፤ ያቃናው በልባቸው ውስጥ የነበረውን ተራ ነው። አንድም፤ በረት ሠርቶ በበረቱ ተቀምጦ መቅረት አለ፤ በረት ሠርቶ ስለ ወንድም መሻገር አለ። እንጨቱ አንድ፥ ምስማሩ አንድ ሲሆን፥ የመጀመሪያው አጥር ሰውን ከወንድሙ ይለየዋል፤ ሁለተኛው ግን ሰው ቤቱን በሰላም ትቶ ወንድሙን እንዲረዳ ያስችለዋል።

በኢትዮጵያም ያለ እንጨትና ያለ ሽቦ የታጠረ ግጦሽ ነበረ። በመንዝ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የሚገኘውና 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። ያገሩ ትውፊት አስቦና ጌራ የሚባሉትን ሁለት አቅኚ አባቶች የዚህ ሥርዓት ጀማሪዎች ያደርጋቸዋል። ምድሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ለከብትም ለማጭድም ተከልክሎ ይቆያል፤ ይልቁንም ድርቅ ሲጸና ይከፈታል። ጓሳ የተባለው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል፤ መስኩም ከብቱን ከክፉ ዘመን ያሻግራል። በዚህ የአጥሩ ቋሚ የተመረጠው ሽማግሌ ነበረ፤ አግዳሚውም ስምምነቱ ነበረ። ይህን ሥርዓት ያለ ነውር አድርጎ ማመስገን ግን አይገባም፤ መብቱ ከእነዚያ አባቶች ለሚወለዱ ባለርስቶች ነበረና፥ ሌላው ከውጭ ቆሞ ያይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ የጥንቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ በኋላም ያገሩ ሰዎች ኮሚቴ አቁመው ጥበቃውን በአዲስ ደንብ መለሱት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። አጥር ቃል ኪዳን ካለበት ያለ እንጨት ይቆማል፤ ቃል ኪዳን ከሌለበት ግን እንጨቱ ቢጠነክርም ሌሊት ይነቀላል።

እንግዲህ አንድ ክርክር ይቀራል። እንስሳ ነፍሱ ደመ ነፍስ ናት፥ ሰው በሁሉ ላይ ተሹሟል፤ ታዲያ ሹም ለተሾመበት እንስሳ ባለዕዳ እንዴት ይሆናል? ቢሉ፤ መልሱ በሹመቱ ውስጥ አለ። ሹመት የሚመዘነው በተሿሚው ኀይል አይደለም፤ ከእርሱ በታች ያለው፥ አቤት ለማለት የማይችለው፥ በሚያገኘው ፍርድ ነው። ሰው ይበድላል ቢባል የተበደለው ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ፈረስ ግን ከታጠረበት ወጥቶ የሚሄድበት ሸንጎ የለውም። ስለዚህ የእርሱ ነገር ያለ ምስክርና ያለ ጠበቃ በቀጥታ ወደ ፈጣሪ ይደርሳል። የመጽሐፈ ምሳሌ ጠቢብም የጻድቅን ሰው ምልክት ሲቈጥር ለእንስሳው ነፍስ መራራቱን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ አስቀመጠው። ድኻ ገበሬ ለጠፍጣፋ እንጨትና ለምስማር ገንዘብ የለውም ቢባልም እውነት ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚጠየቀው ወጪ አይደለም። የአጋም ችግኝ በገንዘብ አይገዛም፤ ማታ በአጥሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ መዞር፥ የረገበውን ማጥበቅ፥ የሾለውን መቍረጥ፥ ገንዳውን መመልከት ለድኻም ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚያጥረው ገንዘብ ሳይሆን ይህ ዙረት ነው።

ዐዋቂ አጥር ሠሪ የመጀመሪያውን ቋሚ ከመትከሉ በፊት የበሩን ስፍራ ይለያል። ከብቱ በየት ወጥቶ ውኃ እንደሚጠጣ፥ እሳት ቢነሣ በየት እንደሚያመልጥ፥ ጎረቤት ወደ ምንጩ በየት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያስባል፤ ከዚያ በኋላ ጕድጓዱን ይቈፍራል። በሩን ሳያስብ አጥር የጀመረ ሰው ግን ዙሪያውን ገጥሞ ሲጨርስ ራሱን ከውጭ ወይም ከውስጥ ዘግቶት ያገኘዋል። ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል ስለ በጎች በረት ባስተማረ ጊዜ ራሱን በር ብሎ ጠራ እንጂ አጥር ብሎ አልጠራም፤ በእርሱም የሚገባው እንደሚገባና እንደሚወጣ፥ መሰማርያም እንደሚያገኝ ተናገረ። መግባትና መውጣት ያለበት በረት መጠለያ ነው፤ መግባት ብቻ ያለበት ግን ወህኒ ነው። ስለዚህ ፈረስ የሚያጥር ሰው ቍልፉን በእጁ ሲይዝ፥ ሌሊት በዝናምም ቢሆን ተነሥቶ የሚከፍተው ራሱ መሆኑን ዐውቆ ይያዘው።